የወላቃዋ ጥርስ

የሶፌፕ ዶናት ቤት ቅዳሜ ጠዋት የሚሸጠው ዶናት ሳይሆን ክርክር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ዶናቱ የአፍ ማሟሻ ነው። በቤከርስፊልድ ከተማ አሮጌ መኪና ገዝቶ፣ ጣሪያዋን ቆርጦ ዝቅ አድርጎ፣ ኮፈኗን አውልቆ፣ ከአቅሟ በላይ የሆነ ሞተር የሚከትባት ሽማግሌ ሁሉ ፀሐይዋ ሳትበረታ እዚያ በር ላይ ይሰበሰባል። ሆት ሮድ የሚላትን ይህችን መኪናውን ከጓደኞቹ ሆት ሮድ ጎን ያሰልፍና የወረቀት ኩባያውን ይዞ የሰው መኪና ማማት ይጀምራል። ሶፌፕ ክርክሩ ሲግል ዶናቱም አብሮ እንደሚሸጥ ስለምታውቅ፣ በረድ ያለ ሲመስላት ራሷ ወጥታ ትቆሰቁሰዋለች።

የዚያን ቅዳሜም ክርክሩ እንደ ወትሮው ስለ ወላቃዋ ነበር።

ወላቃዋ የፊልም መኪና ናት። «ማሪኮፓ ድረስ» የተባለው ፊልም የወጣ ጊዜ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ኋላ በካሴት ሲመጣ ግን ከተማው ባለበት ሸለቆ ያለ ወንድ ሁሉ አበደለት። ያበደው ለታሪኩ አይደለም፤ ታሪኩን እስከ ዛሬ አስተካክሎ የሚናገር ሰው አልተገኘም። ያበደው ለቢጫዋ መኪና ነው። ፊልሙ ሲጀምር ባለታሪኩ ሞተሩ ላይ አጎንብሶ ሲሠራ ትልቅ መፍቻ ከእጁ ያመልጠዋል። መፍቻው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ጥርስ ካላቸው ሁለት የአሉሚኒየም ቴስታታዎች፣ ከሞተሩ የግራና የቀኝ ክዳኖች፣ አንዱን ይመታና የአንዱ ጥርስ ጫፍ ተሰብሮ ይፈናጠራል። ታስቦበት የተደረገ አልነበረም ይባላል፤ ተዋናዩ የእውነቱን ደንግጦ የእውነቱን ሲሳደብ ይታያል። ከዚያ ወዲህ የመኪናዋ ስም ወላቃዋ ሆኖ ቀረ። እሷን የመሰለች መኪና የፈለገ ሰው ቢጫ ቀለም ይቀባና ሞረድ አንስቶ በሾፌሩ በኩል ከፊት ሦስተኛውን ጥርስ ይገዘግዛል። በሶፌፕ በር ከተሰለፉት ቢጫ መኪናዎች መካከል ጥርሷ ያልተነካ አንዲት ብቻ ነበረች፤ የዴልማር ስትራውድ።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። እውነተኛዋ የፊልም መኪና የኔ ናት የሚለው ዴልማር ነው።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ ኦርቪል፣ ከጢሙ ላይ ስኳር እያራገፈ። ኦርቪል ከዴልማር ጋር የትምህርት ቤት አውቶቡስ እየነዳ አብሮት ያረጀ ጓደኛው ነው፤ ምላሱ ከመኪናው ይፈጥናል። «ሙሉ ጥርስ ያላት ወላቃ የት አገር ነው ያለችው? ወይስ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወስደህ አስተከልክላት?»

«ሆሊስ ናት ብሏል» አለ ዴልማር።

«ሆሊስማ ስንቱን ብሏል።»

ይሄ ሐሰት አይደለም። ሆሊስ የዴልማር ታላቅ ወንድም ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና፣ በሸለቆው ውስጥ እንደ እሱ ያለ ውሸታም አልተወለደም። ከኬርን ወንዝ የቤት በር የሚያህል ዓሣ ያወጣው እሱ ነው፤ ዓሣው የታል ሲሉት የልጆች አባት መሆኑን ነግሮኝ ለቀቅሁት ይላል። አንድ ክረምት ጭጋጉ ከመክበዱ የተነሣ ሚስማር መትቶበት ኮፍያውን የሰቀለውም እሱ ነው። እንግዲህ ይኸው ሰው ነው የፊልም ሰዎች ወደ ማሪኮፓ መንገድ መጥተው መኪናዬን ተከራዩ፣ እኔንም መካኒክ አድርገው ቀጠሩኝ ያለው። ሲሠራ ያየው አልነበረም። ፊልሙንም ከሰዎቹ ጋር ተጣልቶ ስለነበር ሳያየው ሞተ። ካሴቱ መጥቶ የጥርሷ ወሬ በአገሩ ሲናኝ ሆሊስን የሚጠይቀው ሰው ከመቃብር መቀስቀስ ነበረበት።

ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ግን ዴልማርን እጁን ይዞ፣ «የፊልሟ መኪና ያንተ ናት። ብቻ እኔ ያሰርኩትን ብሎን እንዳትፈታ» ብሎታል። ዴልማርም ቃሉን ጠብቆ ኖረ። ዘይት ይቀይራል፣ ካንዴላ ይጠርጋል፤ ከዚያ ያለፈ እጁን አይሰድም።

ኦርቪልና ሌሎቹ ዴልማር የሚሟገተው ለመኪናዋ ይመስላቸው ነበር። እሱን የሚያንገበግበው ግን ሌላ ነው። ሰው በጤናው ለቀልድ ቢዋሽ ምን አለበት። ሊሞት አንድ ሐሙስ ሲቀረው፣ የገዛ ወንድሙን እጅ ይዞ ቢዋሽ ግን እንዴት ይረሳል? ጥርሷን በሞረድ ቢነካት ሳቁ ይቆምለታል፤ እውነቱም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ዓመት በዓመት ይስቁበታል፣ እሱም ሞረዱን አያነሳም። ሌሊት ሌሊት ግን ራሱም ይጠራጠር ነበር።

ክርክሩ ገና ሳይበርድ ነው አዲሷ ቢጫ ከመንገድ ታጥፋ የገባችው። ድምፅዋ ሲሰማ ሁሉም ኩባያውን ከአፉ አወረደ። እንዴት ያለች መኪና ነች። ቀለሟ ውሃ የተኛበት ይመስላል፤ ሰው ፊቱን ሊላጭባት ይችላል። የሾፌሩን በር ከፍቶ የወረደው ባርኔጣውን ያስተካከለ፣ ጫማውን የወለወለ አዛውንት ነው።

«እንደምን አደራችሁ፣ ጌቶቼ። ኤላዲዮ ኪንቴሮ እባላለሁ። ከፖሞና ተራራውን ተሻግሬ መምጣቴ ነው። ይህች የፊልሟ መኪና ናት።»

ዓይኖች ሁሉ መጀመሪያ ወደ ሞተሩ፣ ቀጥሎ ወደ ዴልማር ዞሩ። በሾፌሩ በኩል፣ ከፊት ሦስተኛው ጥርስ ላይ ያማረ ስባሪ አለ።

«ከየት አገኟት?» አለ ዴልማር።

«የሸጠልኝ ሰው ፊልም ሠሪዎቹ ግቢ ውስጥ ነው የገዛኋት ብሎኛል። ደግ ሰው ነበር፣ አምኜዋለሁ።» ኤላዲዮ የዴልማርን መኪና በጨዋ ዓይን ዞረና፣ «የእርስዎስ?» አለ።

«የኔ ናት የፊልሟ።»

ኤላዲዮ ቀለሙን አየ። የቡሩሽ መስመር ይታይበታል። የተሳፋሪው በር ካልተረገጠ አይዘጋም። ባርኔጣውን ብቻ አስተካከለ፤ ይህ ጨዋነቱ ዴልማርን ከኦርቪል ምላስ ይልቅ አመመው።

«የፊልም መኪናማ አስቀያሚ ነው መሆን ያለባት» አለ ዴልማር። «በቡሩሽ ነው የቀቧት፤ ካሜራው ሲመጣ ውሃ ረጭተው እንድታብረቀርቅ አደረጓት። በዝግታ ነድተው ፊልሙን አፈጠኑት። ሆሊስ ነግሮኛል።»

«አስቀያሚነት ማስረጃ ከሆነማ የሚስቴ ወንድም ትልቅ ተዋናይ ነው» አለ ኦርቪል።

«እኔ የማልስማማው በዚህ ነው» አለ ኤላዲዮ ረጋ ብሎ። «ሰው የወደዳት ስታምር አይቶ ነው። እውነተኛዋ አስቀያሚ ከሆነች፣ ሰው የወደደው የትኛዋን ነው ታዲያ?»

ይሄ ጥያቄ ሁለት ሣህን ዶናት አስበላ። ግማሹ መኪና ማለት ብረቷ ነው አለ፤ ግማሹ በዓይን የገባችው ናት አለ። ሶፌፕ ከበሩ ላይ ሆና፣ «ፊልሙን አይቼዋለሁ፤ ቆንጆዋን ስጡኝ» አለችና ተመልሳ ገባች።

ክርክሩን የቆረጠችው የባለመኪናዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ቴልማ ናት። ቴልማ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ሰው የሚሰማት ሴት ነች። በሚመጣው ቅዳሜ የፊልሙ ሃምሳኛ ዓመት በአሮጌው ሲኒማ ቤት ይከበራል። ከመብራቱ ሥር የምትቆመው አንዲት መኪና ብቻ ናት፤ የፊልሙ ተዋናይት ዳፍኒ ቫስ ራሷ መጥታ በእሷ ተሳፍራ በሰልፉ ፊት ትሄዳለች።

«ዴልማር፣ አንተን ማስቀየም አልፈልግም» አለች። «ግን የወላቃዋ በዓል ላይ ጥርሷ ሙሉ የሆነች መኪና ባቆም መሳቂያ እሆናለሁ።»

ኦርቪል ጠጋ ብሎ ከኪሱ ሞረድ አወጣ። አሁን እንኳ እየቀለደ አልነበረም። «እንካ፣ ወንድሜ። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ማንም አላየም እንላለን።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለ ዴልማርና ሞረዱን መለሰለት።

መኪናዋ የምታድረው በሆሊስ ጋራዥ ውስጥ፣ ሎሪን ቤት ነው። ሎሪን የሆሊስ ሚስት ነበረች፤ ዴልማር ስላላገባ ከወንድሙ ሞት ወዲህ ምሳውን የሚበላውም፣ ቁጣ የሚቀምሰውም እሷ ዘንድ ነው። ለበዓሉ ሁሉም ሰው የባለታሪኩን ባለአራት ማዕዘን ጥለት ቀይ ሸሚዝ ስለሚለብስ፣ ዴልማርም ከመጽሔት የተቆረጠ ፎቶ ሰጥቷት እንደዚህ ስፊልኝ ብሏት ነበር። ፎቶው ሰውየው ሞተሩ ላይ አጎንብሶ፣ የቴስታታው ጥርስ የተሰበረበትን ቅጽበት የሚያሳየው ነው።

«ቀጥ ብለህ ቁም» አለችው ሎሪን፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ።

ዴልማር ሸሚዙን ለመቆለፍ ታገለ። ጣቶቹ የለመዱትን ቦታ አጡ። «ይሄ ነገር ምንድነው? የሴት ሸሚዝ ነው እንዴ የሰፋሽልኝ? ቁልፉ በግራ ነው። ኪሱም በቀኝ።»

«ፎቶውን ማን ሰጠኝ? አንተ። እንደ ፎቶው ይሁን ማን አለ? አንተ። እንደ ፎቶው ሆነ። ሰውየው ሞተር ሲነካካ የሚስቱን ሸሚዝ ለብሶ ከሆነ እኔ ምን ላድርግ።»

«የእነ ኦርቪል ኪስ በግራ ነው እኮ።»

«እነሱ ከፖስተሩ አይተው ነው ያሰፉት። ፖስተሩ ላይ ኪሱ በግራ ነው፣ እዚህ ላይ በቀኝ። ልብ በል፣ ትከሻው ላይ ቅዳጅ አለች፤ እሷም ወዲህ ዞራለች። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ይሄ ሰውዬ ስንት ሸሚዝ ነው ያለው እያልኩ ስብሰለሰል ነበር። ለነገሩ እናንተ ሰውየውን መቼ አያችሁት፤ ሞተር ብቻ።»

ዴልማር ኮሪደሩ ላይ ወዳለው መስታወት ሄደ። በመስታወቱ ውስጥ ኪሱ በግራ ሆኗል፤ እንደ ፖስተሩ፣ እንደ ማንኛውም የወንድ ሸሚዝ።

«ሎሪን፣ ያንን ፎቶ አምጪልኝ።»

ፎቶውን ከመስታወቱ ፊት ያዘው። የሰውየው ኪስ ወደ ግራ፣ ቅዳጇ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። የተሰበረው ጥርስም አብሮ ተሻገረ፤ ከሾፌሩ በኩል ወደ ተሳፋሪው በኩል።

«ገልብጠውታል» አለ ዴልማር። «ፊልሙን ገልብጠው ነው የለጠፉት። ይሄን ሁሉ ዘመን ሰው በተሳሳተ ወገን ነው የሚሞርደው።»

«ኦርቪልም ጭምር?»

«ኦርቪልም ጭምር።»

ሎሪን መርፌውን ከከንፈሯ አውጥታ እንደ ልቧ ሳቀች። ዴልማር ግን አልሳቀም፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ምነው ፊትህ ተለዋወጠ? ሂድና እያት እንጂ።»

«አልሄድም።»

«ምን?»

«እስከ ዛሬ ጥርሷ ባይሰበርም፣ ምናልባት የማላውቀው ምክንያት ይኖራል እያልኩ ኖሬያለሁ። አሁን ምክንያቱ አለቀ። ሄጄ በተሳፋሪው በኩል ካጣሁት፣ ሆሊስ እጄን ይዞ ዋሸኝ ማለት ነው። እንግዲህ ይኸው ነው፣ ሎሪን። ፈራሁ።»

ሎሪን ይህን ከአፉ ሰምታ አታውቅም ነበር። መቀሷን አስቀምጣ አጠገቡ መጣች።

«ያ ሰው ስንት ውሸት እንደነገረኝ ብቆጥርልህ እዚህ ይመሽብናል። አንዱንም ግን ለክፉ አልነገረኝም፤ ልስቅለት ነበር የሚፈልገው። አንተን ያን ቀን ሊያስቅህ አልነበረም። ተነሥ፣ አንተ ሰውዬ። ሰባ ዓመት ካለፈህ በኋላ የብረት ጥርስ አትፈራም።»

ጋራዡ ውስጥ የዘይትና የአሮጌ ጎማ ሽታ አለ። ዴልማር በተሳፋሪው በኩል ዞሮ አጎነበሰ። የቴስታታው የፊት ጥርሶች አይታዩም፤ ሆሊስ ከአንድ የተጣለ የጭነት መኪና ላይ የነቀለው፣ ዳቦ የሚያህል ክላክስ እላያቸው ላይ ታስሯል። ዴልማር ይህን ክላክስ ስንት ጊዜ ወልውሎታል። ለምን እዚያ ታሰረ ብሎ ግን ራሱን ጠይቆ አያውቅም።

«ብሎኑን እንዳትፈታ ብሎኛል» አለ።

«እኔ ሚስቱ ነኝ፤ ፈቅጄልሃለሁ» አለች ሎሪንና መፍቻውን በእጁ አኖረችው።

ብሎኑ ከዘመን ብዛት ተጣብቆ አስቸገረ፤ ኋላ ጮኾ ተፈታ። ከክላክሱ ሥር ግራሶ ደርቆ እንደ ጭቃ ተጋግሯል። ዴልማር በጨርቅ ጠረገ፣ በጥፍሩ ፋቀ። ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን ከፊት ጀመረ። አንደኛው ሙሉ ነው። ሁለተኛው ሙሉ ነው። ሦስተኛው ላይ ጣቱ ወደ ውስጥ ገባ። በሞረድ የተበላ ጥርስ ልስልስ ነው፤ የእነ ኦርቪልን ሁሉ ነክቶ ያውቃል። ይሄኛው ሸካራ ነው፤ የጣቱን ቆዳ ጫረው።

«አለ?» አለች ሎሪን።

ዴልማር እጇን ይዞ ጣቷን እዚያው ላይ አኖረው። እንባው በጉንጩ ላይ ሲወርድ አልጠረገውም።

«ለካ ያን ዕለት ነው» አለች ሎሪን፣ ጣቷን ሳታነሳ። «ከሥራ መጥቶ፣ አንድ ተዋናይ ነኝ ባይ መኪናዬን አበላሸብኝ ብሎ እራቱን ሳይበላ እዚህ ገባ። እኔ ደግሞ ሌላ ተረት ይዞ መጣ ብዬ ሳቅሁበት። ስብራቱን ማየት ስላልቻለ ሸፍኖታል። አየህ፣ አንድ ጊዜ እውነቱን ነገረኝ፤ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው።»

ዓይኗን በመጎናጸፊያዋ ጠረገችና፣ «ና፣ ምሳህ ቀዘቀዘ» አለችው።

ቅዳሜ ሲኒማ ቤቱ ፊት ቀይ ሸሚዝ ያልለበሰ ወንድ አልነበረም። ዴልማር ከሎሪን ጋር መጥቶ መኪናውን ሲያቆም ኦርቪል ገና ከሩቅ ጀመረው። «ሸሚዝህን በጨለማ ነው የለበስከው? ኪስህ ተሰዷል።»

«ኪሴን ተወውና የራስህን እይ። የምታውቀው ፎቶ ነው፣ እንካ። ሰውየውን እይልኝ፣ ሞተሩን ሳይሆን።»

ኦርቪል አየ። ከሲኒማ ቤቱ ግድግዳ ላይ ካለው ፖስተር ጋር አስተያየ። ፎቶውን ገለበጠ፣ በብርሃን ላይ ያዘው፤ አፉ ቀስ እያለ ተከፈተ። እሱን ሲያዩ ሌሎቹ መጡ። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ እያንዳንዱ ሰው ደረቱን ዳሰሰ፣ ከዚያ አንገቱን አዙሮ የገዛ መኪናውን አየ። ይሄን ሁሉ ዘመን ሞተር ሲመረምሩ ሸሚዙን ያየ አልነበረም።

«ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» አለ ኦርቪል። «የታለች ጥርሷ?»

ዴልማር ወደ ተሳፋሪው በኩል ጠቆመ። ክላክሱ ተነሥቷል። መጀመሪያ የሄደው ግን ኦርቪል ሳይሆን ኤላዲዮ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ አጎነበሰ። ጣቱን በስብራቱ ላይ ብዙ ጊዜ አቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ቂም አልነበረም፤ እንደ ተቀማ ሰው ግን ነበር።

«ይሄ ሞረድ አይደለም» አለ። «የሸጠልኝ ሰው ምን ያህል ደግ ነበር መሰለዎት።»

ቴልማም ዓይኗን አስጠግታ አየች። «ዴልማር፣ መኪናህን ከመብራቱ ሥር አስገባ» አለች። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ለዚህ ነው።»

ዴልማር ገና ሊያስነሣት ሲል ዳፍኒ ቫስ ደረሰች። ጥቁር መነጽር አድርጋ በከዘራ እየተደገፈች ከመኪና ወረደች፤ ሕዝቡ መንገድ ከፈተላት። የዴልማርን መኪና በጎን አለፈቻትና በቀጥታ ወደ ኤላዲዮ መኪና ሄደች። ከዘራዋን ለሰው ሰጥታ ሁለት እጇን በሚያብረቀርቀው ቢጫ ላይ አሳረፈች።

«ወላቃዬ» አለች። «ዓይኔ ቢጠፋም አንቺን አልስትም። አንቺ እኮ አላረጀሽም፤ እኔ ብቻ ነኝ ያረጀሁት።»

ሰው ሁሉ ወደ ዴልማር ዞረ። ተዋናይቱ ዞር ብላ ቀለሟ በቡሩሽ የተዥጎረጎረችውን አየች። «ይህች ምስኪን ደግሞ የማን ናት?»

ቴልማ ልታስተካክላት አፏን ስትከፍት ዴልማር ክንዷን ያዘ። ለአንድ አፍታ ፊቱ ግሎ ነበር። ከዚያ ለዓመታት ሲያመው የኖረውን ቦታ በውስጡ ፈለገና አጣው። ባለፈው ቅዳሜ ቢሆን ኖሮ ይህች ሴት በአንድ ቃል ትገድለው ነበር፤ ዛሬ ግን ሆሊስ እንዳልዋሸው ያውቃል፤ የሚፈልገው ይኸው ብቻ ነበር።

«የወንድሜ ነበረች፣ እመቤቴ።»

«ጥሩ ሰው ነበር?»

«የለየለት ውሸታም ነበር።»

«ውሸታሞች ደስ ይሉኛል» አለች ዳፍኒ ቫስ። «ዕድሜዬን ሁሉ ከእነሱ ጋር ነው የሠራሁት።»

ኤላዲዮ ላብ አጥምቆት ወደ ዴልማር ተጠጋ። «እውነቱን ልንገራት። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንልኝም።»

«ተዋት፤ ደስ ብሏታል። ሰው የወደደው የትኛዋን ነው ብለህ ጠይቀኸን አልነበረም እንዴ? ይኸው መለሰችልህ።» እርስዎ ማለቱ ሳይታወቀው ቀርቷል። «ግባና ንዳ። ብቻ ቀስ በል። የፊልሟ መኪና በዝግታ ነበር የምትሄደው።»

ኤላዲዮ ትከሻውን ጨበጥ አደረገውና ገባ። ሰልፉ ተነሣ። ዴልማር ሎሪንን ጎኑ አስቀምጦ፣ በሩን ረግጦ ዘግቶ፣ ሁለተኛ ሆኖ ተከተለ። ሎሪን ክላክሱን በጭኗ ላይ እንደ ሕፃን ይዛዋለች። ከፊታቸው ዳፍኒ ቫስ ለሕዝቡ እጇን ታውለበልባለች፤ ከኋላቸው ኦርቪል፣ ያልሰማ ሰው እንዳይኖር፣ ሁለተኛዋ ናት እውነተኛዋ እያለ ይጮኻል።

በቀጣዩ ቅዳሜ የሶፌፕ በር የመኪና ማቆሚያ ሳይሆን የብረታ ብረት ሱቅ መሰለ። ቢጫ መኪና ያለው ሁሉ በተሳፋሪው በኩል አጎንብሶ ይሞርዳል። ኦርቪል ሁለቱም ወገን ወላቃ የሆነባትን መኪናውን እያየ፣ የድሮውን ጥርስ በምን እንደሚሞላው ሰውን ያማክራል። የፖሞናው ኤላዲዮም መጥቷል፤ እሱ ግን ሞረድ አልያዘም። የኔዋን ዳፍኒ ቫስ መርቃታለች፤ ጥርሷ ባለበት ይሁን ብሎ ዶናቱን ይበላል።

ዴልማር ሲደርስ ሁሉም መሞረዱን አቆመና ሊያያት ከበበው። ክላክሱ ቦታው ተመልሷል። ያው ብሎን፣ ያው ቦታ፤ ጥርሱ አይታይም።

«አብደሃል እንዴ?» አለ ኦርቪል። «ሰው ይህን ለማየት ከሩቅ እየመጣ ነው።»

«ሆሊስ ነው እዚህ ያሰረው» አለ ዴልማርና ዶናት ሊገዛ ገባ።

ሲመለስ ከፍሬስኖ የመጣ አንድ እንግዳ ሰው መኪናዋን ይዞራል። የቡሩሹን መስመር አየ፣ በሾፌሩ በኩል ሙሉ የሆነውን ጥርስ አየ፣ ወደ ዴልማር ዞረና ሳቅ አለ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ይህች ደግሞ ወላቃዋ ናት ሊሉኝ ነው? ጥርሷ ሙሉ ነው እኮ።»

ኦርቪል ሊመልስ ሲጣደፍ ዴልማር በዓይኑ አስቆመው። ዶናቱን አንዴ ገመጠ፣ ረጋ ብሎ አላመጠ፣ ዋጠ።

«ሆሊስ ናት ብሏል» አለ።